ባለ ሜዳሊያውን ሲጠብቁ የኖሩት ጋሽ ይፍሩ

ጋሽ ይፍሩ ማረፋቸውን የነገሩኝ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ናቸው። ወሰን ሰፈር ያለችውን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄን ገና ከፍቼ ደብተሮቹን ስደረድር በሩ ላይ መጥተው ቆሙና ኮፍያቸውን አወለቁ። ሃምሳ አለቃ ኮፍያ የሚያወልቁ ሰው አይደሉም፤ መላጣቸውን ለሰው ማሳየት አይወዱም። ኮፍያውን እጃቸው ላይ ሳየው ነገሩ ገባኝ።

«ንጋት ላይ ነው» አሉኝ። «በእንቅልፉ። ማንንም አላስቸገረም።» ቀጥለውም፣ «ዕቃው አንቺ ጋ ነው አይደል?»

«እኔ ጋ ነው።»

«በይ እቴነሽ፣ ደህና አድርገሽ ያዢው» ብለው ሄዱ።

«ዕቃው» ያሉት አንድ የብር ሜዳሊያ ነው። የጋሽ ይፍሩ አይደለም፤ የሃምሳ አለቃም፣ የእኔም አይደለም። ባለቤቱ አየርላንዳዊ ወታደር ነው፤ ከሞተም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ የእሱ ሜዳሊያ ከእስክሪብቶና ከሉክ ወረቀት መሃል እኔ መሳቢያ ውስጥ ምን ይሠራል? እሱን ለመንገር ጋሽ ይፍሩን ማስተዋወቅ አለብኝ፤ ጋሽ ይፍሩን ለማስተዋወቅ ደግሞ ከፍሬን መጀመር ግድ ነው።

ከሱቄ ጎን ባለው ጋራዥ ዕድሜ ልካቸውን ፍሬን ሲሠሩ ኖረዋል። ሰማንያ ካለፉ በኋላም ቤት መዋል እምቢ ብለው በየቀኑ ይመጡና ጋራዡ በር ላይ ካለች አሮጌ የሚኒባስ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። መካኒኮቹ የጨረሱትን መኪና እሳቸው ሳይፈትሹት አያስወጡም። አፈታተሻቸው ግን በዓይን አይደለም፣ በጆሮ ነው። ዓይናቸውን ይጨፍኑና ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው መኪናው ሲቆም ያዳምጡታል። «መሄዱን ማንም ሹፌር ይነግርሃል፤ መቆሙን እኔን ጠይቀኝ» ይላሉ። የቸኮለ ደንበኛ ካስቸገራቸው፣ «ከእንጦጦ ነው አይደል የምትወርደው? እንግዲያው ተቀመጥ» ብለው ያስቀምጡታል።

ነገርን ሁሉ በጥፍራቸው መታ አድርገው የመስማት ልማድ ነበራቸው። ብርጭቆ ሲቀርብላቸው መታ፣ አዲስ በር ሲያዩ መታ፣ ዳቦ ሲገዙ እንኳ ጀርባውን መታ። አንድ ቀን የእኔን ወፍራም መዝገበ ቃላት ሽፋን መታ መታ አድርገው አዳመጡና፣ «ይኼስ ምን ይልሻል?» አሉኝ።

«እንግሊዝኛ ያስተምረኛል ጋሼ።»

እውነቴን ነው። የእኔ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት ከዚያው መዝገበ ቃላትና ደንበኞች ኮፒ አስነሥተው ከሚረሷቸው ወረቀቶች ነው። ስለዚህ የመኪና ሽያጭ ውልና የቪዛ ቅጽ ላይ ጎበዝ ነኝ፤ ስለ አበባና ስለ ወፍ ከጠየቃችሁኝ ግን የለሁበትም።

«ታነቢያለሽ ማለት ነው?» አሉ።

«ትንሽ ትንሽ።»

«ትንሹ ይበቃል። ጽሑፉም ትንሽ ነው።»

በማግስቱ መጡ። እጃቸውን መጀመሪያ በነጭ ጋዝ፣ ቀጥለው በሳሙና ታጥበው፣ የሁለቱም ሽታ ሳይለቃቸው። ከኮታቸው ውስጥ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አወጡ፤ ከቆርቆሮው ውስጥ የጠቆረች የፍየል ቆዳ፣ ከቆዳዋ ውስጥ ሜዳሊያውን። ባንድ በኩል የንግሥት ፊት አለበት፤ አፍንጫዋ በመነካካት ብዛት ተልጧል።

«ፊቷን ተያት» አሉኝ። «እሷን ሁሉም ያያታል። ጠርዙን አንብቢልኝ።»

አጉሊ መነጽሬን አምጥቼ ጠርዙን ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ደቃቅ ፊደላት ዙሪያውን ተቀጥቅጠዋል። ኋላ እንደተረዳሁት የእንግሊዝ ጦር እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ሜዳሊያ ሲሸልም የተሸላሚውን ስም ጠርዙ ላይ ያትማል። ግማሹ ጠፍቷል፤ ማዕረጉና ስሙ ግን ነበሩ። አስር አለቃ ዴኒስ ኬሌኸር።

ጋሽ ይፍሩ ስሙን ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ አራተኛውን ጊዜ ለራሳቸው ብቻ በከንፈራቸው አሉት። «አባቴም አያቴም ሳያውቁት ነው የሞቱት።»

«እስከ ዛሬ ለምን አላስነበቡትም?»

«ማንን አምኜ?» አሉኝ። እኔን እንዴት እንዳመኑኝ ግን አልነገሩኝም፤ እኔም እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከዚያ ታሪኩን ነገሩኝ።

ቅድመ አያታቸው አያ ቢተው የወሎ ሰው፣ በቅሎ ጫኝ ነበሩ። ፈንጣጣ ባንድ ዓይናቸው አስቀርቷቸዋል። የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ላይ የመጣበትን ፈጽሞ ወደ ባሕሩ ሲመለስ ጓዝ የሚያወርድለት ያገር ሰው ይቀጥር ስለነበር እሳቸውም ተቀጠሩ። አንድ ቀን ወንዝ ዳር በትኩሳት የወደቀ ወታደር አገኙ። ጓደኞቹ አልፈውታል። በቅሎዋ የጦሩን ዕቃ ጭናለች፤ ማራገፍ አይቻልም። ስለዚህ ሰውየውን ራሳቸው አዘሉት።

«እስከ ሰፈሩ?»

«እስከ ሰፈሩ። እዚያ ሲደርሱ ወታደሩ ይችን ከደረቱ ፈታና አያ ቢተው መዳፍ ላይ አኖራት። ጣቶቹንም በሁለት እጁ አጠፈለት፤ እንዲህ።» የእኔን ጣቶች አጠፏቸው። «ከዚያ ፀሐይዋን አሳየው፣ ራሱን አሳየው። ያዝልኝ፣ ነገ እመጣለሁ ማለቱ ነው። ቋንቋ የለ፣ ሌላ ምን ይበለው? በነጋታው አያ ቢተው ቢመጣ ድንኳኑ ተነሥቷል። ሰዎቹም ዝሆኖቹም ሄደዋል።»

«ዝሆን?»

«ዝሆን ነዋ! መድፉን ማን ይሸከመው?»

እዚህ ላይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እንግሊዞች የምር ዝሆን ይዘው እንደመጡ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንብቤ አፍሬአለሁ።

አያ ቢተው ሜዳሊያውን ይዘው ጦሩን እስከ ባሕሩ ተከተሉ። ሲደርሱ መርከቡ ርቆ ጭሱ ብቻ ይታያል። ተመለሱ፤ ሲሞቱም ለልጃቸው፣ «ባለቤቱ ይመጣል፤ አደራ» አሉ። ልጃቸውም ለልጁ። እንዲህ እያለ ጋሽ ይፍሩ ዘንድ ደረሰ።

እኔ መቼም ወሬ ስወድ ለጉድ ነው፤ ያን ታሪክ ደጋግሜ አስነገርኳቸው። ሲነግሩኝ ደግሞ ይለዋወጣል። አንዴ ወንዝ ዳር ነው፣ አንዴ ዳገት ላይ። አንዴ ወታደሩ ዘንካታ ነው፣ ሌላ ጊዜ አጭርና ቀይ ጢም። የማይለወጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የአያ ቢተው ዓይን። ጠፍቶ የቀረው የግራው ነው፤ ሁልጊዜም የግራው ነው።

አሁን አንድ የቆየ ጥያቄዬ መልስ አገኘ። በየዓመቱ ከፋሲካ ማግስት ጋሽ ይፍሩ ኮታቸውን ለብሰው ከኮተቤ በላይ ወዳለው የየካ ተራራ ብቻቸውን ይወጣሉ። ስለት ነው የሚልም፣ ድብቅ ልጅ አላቸው የሚልም ነበር። በዚያ ዓመት አብሬያቸው ወጣሁ። ባሕር ዛፎቹን አልፈን ጫፉ ላይ ደረስን። አንድ ድንጋይ አላቸው፤ እሱን መታ አድርገው ተቀመጡ። ከታች ከደሴ የሚመጣው መንገድ ይታያል፣ የጭነት መኪናዎቹ እንደ ጉንዳን ተከታትለው።

«መቅደላ የተያዘችው ያኔ በፋሲካ ማግስት ነው ይላሉ የኛ ሰዎች» አሉኝ። «ስለዚህ በዚህ ቀን መንገድ የሚታይበት ቦታ ላይ እንቀመጣለን። አያቴ ወሎ ላይ፣ አባቴም ወሎ ላይ። እኔ አዲስ አበባ ስመጣ ኮተቤን የመረጥኩት ለምን ይመስልሻል? በዚህ በኩል ነው የሚመጣው።»

«ጋሼ፣ ዛሬ የውጭ ሰው የሚመጣው እኮ በቦሌ ነው።»

ዘወር ብለው አዩኝ። «አውቃለሁ እቴነሽ» አሉ፤ መልሰው መንገዱን ማየት ቀጠሉ።

ሃምሳ አለቃ ደምሴ ግን በዚህ ሁሉ ይስቁ ነበር። እሳቸው የድሮ ወታደር ናቸው፤ የጋሽ ይፍሩ የዳማ ጓደኛ። በየከሰዓቱ ቆርኪ ደርድረው ሲጫወቱ፣ ሲሸነፉ ሜዳሊያውን ያነሣሉ።

«ወታደር ኒሻኑን ለበቅሎ ጫኝ አይሰጥም» ይላሉ። «ወይ ይሸጠዋል፣ ወይ ከሬሳው ላይ ይፈቱበታል። እኔ ወታደር ነበርኩ፤ እኔን ጠይቀኝ።»

«አንተ የምታውቀው ያንተን ጦር ነው። ተጫወት።»

«ያያትህ አባት የሬሳ ደረት በርባሪ ነበር አልኩህ!»

«ንጉሥህን በላሁት።»

እንዲህ ቀልደው ያልፋሉ። እኔም ቀልድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ዝናባማ ከሰዓት ግን ጋሽ ይፍሩ ሱቄ ውስጥ ተጠልለው ሳለ ሳልጠይቃቸው አንድ ነገር ነገሩኝ። ልጅ ሆነው በአገራቸው ክፉ ዓመት መጣ። በሬዎቹ አለቁ፣ የሚሸጥ ሁሉ ተሸጠ። እናታቸው ሜዳሊያውን ለአንጥረኛ እንስጠውና እህል ይስጠን ብለው ለመኑ፤ አባታቸው የሰው ዕቃ ነው ብለው እምቢ አሉ። በዚያ ወር ታናሽ እህታቸው የሺ ሞተች። ገና መናገር ጀምራ ነበር።

«ደምሴ ሲቀልድ አልቀየመውም» አሉኝ ዝናቡን እያዩ። «ግን ያለው እውነት ቢሆንስ? አያ ቢተው ከሬሳ ፈትቶት ቢሆንስ? እንግዲያው የሺ የሞተችው ለተሰረቀ ዕቃ ነው። ይኼን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

ያን ቀን ፍለጋውን ጀመርኩ።

በስልኬ የድሮ ወታደሮችን ዘር የሚያፈላልጉ ሰዎች የሚጻጻፉበት ገጽ አገኘሁ። በዚያች በመኪና ሽያጭ ውል እንግሊዝኛዬ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ ሜዳሊያው እኛ ቤት እንዳለና ባለቤቱን እንደምንፈልግ ጻፍኩ። አያ ቢተው ወታደሩን እንዳዘሉትም ጻፍኩ። የዓይናቸውን ነገር ግን አልጻፍኩም። ለማያውቁት ባዕድ የራስን ሰው ጉድለት መንገር ምን ያደርጋል ብዬ፣ ሟቹን ያዋረድኩ መሰለኝና ተውኩት። ይችን ያዙልኝ።

መጀመሪያ የመጡት መልሶች ሁሉ «ትሸጡታላችሁ?» የሚሉ ነበሩ። ጋሽ ይፍሩ፣ «አልገባቸውም፤ እለፊያቸው» እያሉ አሳለፉኝ። ወራት ሄዱ። ተስፋ ቆርጬ ገጹን ማየት ከተውኩ በኋላ ከአየርላንድ ገጠር ኖራ የምትባል ሴት ጻፈችልኝ። ዴኒስ የአያቷ አባት ነው።

ቀሪውን ሳላነበው ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። አብረን እንስማው ብዬ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዳማ ላይ ነበሩ። መዝገበ ቃላቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ቃል በቃል እያወጣሁ ማንበብ ጀመርኩ።

ዴኒስ ኬሌኸር የደሃ ገበሬ ልጅ ነበር። አገራቸው ያኔ በእንግሊዝ እጅ ናት፤ ሥራ የለም፣ እንጀራም የለም፤ ወጣቱ የሚያገኘው የእንግሊዝን ጦር ነው።

«የራሱ ጦር እንኳ አይደለማ» አሉ ጋሽ ይፍሩ። «እንደ አያ ቢተው ማለት ነው። እሱም የተቀጠረ።»

ሜዳሊያውን ያገኘው በሌላ አገር ጦርነት ነው፤ የቆሰሉ ጓዶቹን ከጥይት መሃል በጀርባው እያወጣ። በጀርባው የሚለውን ሳነብ ጋሽ ይፍሩ ሳቅ አሉ። ከሐበሻ ዘመቻ ግን ያለ ሜዳሊያው ተመለሰ።

«በሕይወት ተመለሰ ነው የምትይው?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ተመልሷል። አግብቶ ወልዷል።»

«እሺ፣ እንግዲያው ሸጦታላ!»

«ቆይ አስጨርሳት» አሉ ጋሽ ይፍሩ።

ኖራ ቤታቸው የቆየ አንድ ማመልከቻ ገልብጣ ልካልኝ ነበር፤ ዴኒስ ለጦሩ አለቆች ያስጻፈው። ያን ቀን እንደተረጎምኩት እነሆ፤

«እኔ ሜዳሊያዬን አልሸጥኩም፣ በመጠጥም አልለወጥኩም። በሐበሻ አገር በትኩሳት ወድቄ ጓዶቼ ካለፉኝ በኋላ የግራ ዓይኑ የጠፋ አንድ የበቅሎ ሰው በጀርባው ተሸክሞ...»

መዝገበ ቃላቱን ከፈትኩ፤ ቃሉን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም።

«ምን አልሽ?» አሉ ሃምሳ አለቃ። ቆርኪያቸውን እንዳነሡ እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል። «ድገሚው።»

«የግራ ዓይኑ የጠፋ።»

«አንቺ ነሽ የነገርሻቸው!»

«አልነገርኩም! ሃምሳ አለቃ፣ ልጆቼን! ያኔ የጻፍኩት ይኸው ስልኬ ላይ አለ፤ ዓይን የሚል ቃል የለበትም።»

ስልኩን ነጥቀው አዩት። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ግን ለረጅም ጊዜ አዩት። ጋሽ ይፍሩ አልተንቀሳቀሱም። ዓይናቸውን ጨፍነው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገዋል፣ መኪና ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት።

«ቀጥዪ» አሉ።

ቀጠልኩ። «ብሞት ለእናቴ እንዲደርስልኝ ብዬ ለእሱ ሰጠሁት፤ እስክመለስ እንዲይዝልኝም በምልክት ነገርኩት። ራሴን ሳላውቅ ጭነው ወሰዱኝ። ሌባ ቢሆን ኖሮ ዕቃዬን ወስዶ እኔን እዚያው በተወኝ ነበር። አሁንም ይዞልኝ እየፈለገኝ ይሆናል።»

ጋራዡ ውስጥ ሰው ብረት ይቀጠቅጣል። እኔ ጋሽ ይፍሩ ያለቅሳሉ ወይ ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ማመልከቻ ያስጻፈው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

ይህን እኔም አላሰብኩትም ነበር። ቀሪውን አነበብኩ። በዚያ ዘመን ወታደር ሜዳሊያውን ካጎደለ ሸጦታል ተብሎ ይከሰሳል። ዴኒስም ተከሰሰ። ምስክር አምጣ ተባለ፤ ምስክር የለውም። ማዕረጉን ገፈፉት። ለማመልከቻው መልስ አልመጣለትም። አገሩ ገብቶ የመንገድ ድንጋይ ሲፈልጥ ኖረ፤ መንደሩም እስኪሞት «ሜዳሊያውን የጠጣው» ይለው ነበር። ኖራ በመጨረሻው ላይ፣ «እኛም ቤት ቀልድ ነበር፤ እናቴም እኔም እየሳቅንበት አደግን። መልእክትሽ ከደረሰኝ ወዲህ ግን ሳቁ ጠፍቶብኛል» ብላለች።

«ምስክር አጥቶ!» አሉ ጋሽ ይፍሩ። «ምስክሩ ወሎ ላይ ተቀምጦ መንገድ መንገድ ያያል፣ እሱ እዚያ ይገፈፋል! አይ አያ ቢተው፤ አንድ ቀን ቀድመህ ብትደርስ ምን ነበረበት?»

የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር እኮ። ሰውየው የገዛ ቤታቸው ስም ነጽቶላቸው ስለ ሌላው ሰው ስም ያዝናሉ።

ብዙም አልቆዩ፤ ተነሡ። «ወረቀት አምጪ። መስመር የሌለውን።»

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ልመሰክር። አያ ቢተው ባይደርስ እኔ ደርሻለሁ።»

«ጋሼ፣ ችሎቱ እኮ ካለፈ...»

«ወረቀት አምጪ አልኩሽ።»

እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። የቃል ምስክርነት እንደሚጻፍበት ወግ፣ ስማቸውን እስከ አያ ቢተው ድረስ ቆጥረው፣ ነዋሪነታቸው የካ ክፍለ ከተማ ብለው። «አስር አለቃ ዴኒስ ሜዳሊያውን አልሸጠም፤ ለአባቶቼ አደራ ሰጥቷል፤ እኛም አልሸጥነውም፤ ዛሬም በእጄ ይገኛል።» ከዚያ እማኞች። ሦስት ያስፈልጋል። የጋራዡ ባለቤት ፈረመ፣ እኔ ፈረምኩ። ሦስተኛው ሃምሳ አለቃ ይሁኑ አሉ።

ሃምሳ አለቃ እስክሪብቶውን አልተቀበሉም። «እኔ አይሆንም። እኔ ለዚህ አልሆንም።»

«ለምን? ዓመት ሙሉ ስትከራከርበት ኖረህ!»

«የኔን ኒሻን የት እንዳደረስኩት ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አሉ። ኮፍያቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡት። «ጦሩ የተበተነ ጊዜ መንገድ ላይ ሸጬዋለሁ። ለዳቦ። ለዚህ ነው ወታደር ይሸጣል የምልህ፤ አንዱ እንኳ አልሸጠም ማለት ከበደኝ።»

ጋሽ ይፍሩ እስክሪብቶውን በሃምሳ አለቃ መዳፍ ላይ አኖሩና ጣቶቻቸውን አጠፉላቸው። «እንግዲያውማ ካንተ የተሻለ እማኝ የለም። መሸጥ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ይኸኛው አለመሸጡን መስክር።»

ፈረሙ።

ወረቀቱን ላጥፍ ስል ጋሽ ይፍሩ ያዙኝ። «ከላይ አንድ እማኝ ጨምሪ። ቀዳሚ እማኝ፣ የሺ።»

«ጋሼ፣ የሞተ ሰው...»

«ቦታውን ብቻ ተይላት።»

ተውኩላት። ስሟ ከላይ ሆኖ የፊርማው መስመር ባዶ። በመጨረሻ ደግሞ ያለ ማኅተም አይሆንም ብለው የጋራዡን ማኅተም አስመቱበት፤ «ፍሬንና ፍሪሲዮን ጥገና» የሚለውን። ወረቀቱን ይዘው ቆመው አነበቡት፤ እኔ ድምፃቸውን በስልኬ ቀዳሁ። ፎቶውን፣ ትርጉሙንና ድምፁን ለኖራ ላክሁ።

ሜዳሊያውን ራሱን ለመላክ ፖስታ ቤት ስንሄድ ያረጀ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም ተባልን። የቅርስ ፈቃድ ማመልከት አለባችሁ አለችን ልጅቷ፣ በትሕትና።

«የሰው ዕቃ እንዴት የኛ ቅርስ ይሆናል?» አሉ ጋሽ ይፍሩ።

«አባባ፣ ሕጉ ዕድሜውን ነው የሚያየው።»

ማመልከቻ አስገባን። ወሬው ሰፈር ውስጥ ሲሰማ ተቃዋሚም አልጠፋ። አንዱ ወጣት መካኒክ፣ «እነሱ ከመቅደላ የወሰዱትን ስንቱን ነገር ይዘው ቁጭ ብለዋል፤ እኛ እንመልስ? ጋሼ፣ ይቺማ ፌር አይደለችም!» አለ።

«እነሱ የያዙት እነሱን ይክበዳቸው» አሉት። «እኔን የከበደኝ የያዝኩት ነው።»

ከሳምንታት በኋላ ኖራ ጻፈች። የቤተሰቡን ሰው፣ የመንደሩንም ሽማግሌዎች ሰብስባ ዴኒስ መቃብር ሄደዋል። ትርጉሙን አነበበችላቸው፤ ከዚያ የጋሽ ይፍሩን ድምፅ መቃብሩ ላይ አሰማች። «ቋንቋውን አናውቀውም፤ ግን እስከ መጨረሻው ሰማነው» ትላለች። ስለ ባዶዋ መስመርም ጠይቃኛለች፤ የሺ ማን እንደሆነች ነገርኳት። «በእኛም ቤት እንድትታወስ አደርጋለሁ» አለችኝ።

ይህን ስነግራቸው ጋሽ ይፍሩ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። «ሲሰሙ ቆመው ነበር ወይስ ተቀምጠው?»

«ቆመው ጋሼ።»

«ጥሩ» አሉ። ከዚያ ቆርቆሮውን ከኮታቸው አውጥተው መደርደሪያዬ ላይ አኖሩት፤ ክዳኑንም በጥፍራቸው መታ አድርገው አዳመጡ። ልጅ አልወለዱም። «ፈቃዱ እስኪመጣ አንቺ ዘንድ ይሁን። እኔ እንደ ድሮው አይደለሁም።» እምቢ ልል ስል እጄን ይዘው ጣቶቼን አጠፉልኝ።

ባረፉ ጊዜ ፈቃዱ አልመጣም ነበር።

ዘንድሮ ከፋሲካ ማግስት ሱቄን ሳልከፍት ቆርቆሮውን ይዤ ወደ ተራራው ወጣሁ። ብቻዬን መስሎኝ ነበር፤ ድንጋይዋ ጋ ስደርስ ሃምሳ አለቃ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ጠጋ አሉልኝ። ሜዳሊያውን አውጥቼ በመካከላችን አኖርኩት። ፀሐይ ስታርፍበት የንግሥቲቱ የተላጠ አፍንጫ አበራ።

«ምን አዲስ ነገር አለ?» አሉኝ።

«ኖራ ትናንት ጽፋለች። ፈቃድ መጠበቅ ሰልችቷታል፤ ራሷ መጥታ አየዋለሁ፣ እነካዋለሁ ትላለች። ክረምቱ እንደወጣ። የልጅ ልጇን ይዛ።»

ከታች የደሴው መንገድ ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል፤ አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑ እስከ እኛ ድረስ ተሰማ። ሁለታችንም ሳናስበው ጭንቅላታችንን ዘንበል አደረግን።

«በየት በኩል ነው የሚመጡት?» አሉ።

«በቦሌ ነዋ።»

«እንግዲያው እዚህ ተቀምጠን ወደ ሰሜን የምናየው ለምንድን ነው?»

ዓይኔን ከመንገዱ አልነቀልኩም። እሳቸውም ዞር አላሉም። እስኪመሽ ድረስ መንገዱን ስናይ ቆየን።